ውሎ ያደረ መርዶ

ቬንቸር ካፒታል የሚባለውን፣ ጀማሪ ኩባንያ ላይ ገንዘብ የሚዘራውን ነገር ወሎ፣ ሀብሩ ድረስ ያመጣው ኪሩቤል ነው። ወልድያ የቢዝነስ ተማሪ ሳለ አንድ ውድድር አሸንፎ አዲስ አበባ ሄደ፤ እዚያም አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ በተለማማጅነት ገብቶ ስምንት ወር ሙሉ የሌሎችን ስታርታፕ ሲመዝን ከረመ። ሥራው አይከብድም። ወጣቶች ሐሳባቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኖ ያዳምጣል፣ ከዚያ ለአለቆቹ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ገና አንድ ብር ያላተረፈ ኩባንያ ሃምሳ ሚሊዮን ያወጣል ሲባል መጀመሪያ መጀመሪያ ሳቁ ይመጣበት ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት እኮ እነዚህ ሰዎች ሳይወለዱ የተተረተ ነው። ዋል አደር ሲል ግን መሳቁን ተወ። ሰው ውሎውን ይመስላል።

አንድ ጊዜ ከጎጃም የመጣ ልጅ አክስቴ ሞታብኛለች ብሎ ቀጠሮውን በሳምንት አራዘመ። ኪሩቤል በሁለት ገጹ ላይ «መሥራቹ ቁርጠኝነት ይጎድለዋል» ብሎ ጻፈበት። ልጁ ገንዘቡን ሳያገኝ ቀረ። ከአለቆቹ አንዱ ኪሩቤልን ዓይነ ስለታም ነህ ብሎ አመሰገነው፤ ምስጋናዋ ሳትበርድ ነው ይዟት አገሩ የገባው። ተራው ደርሶ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጥ እንዲህ ያለ ስህተት እንደማይሠራ ለራሱ ቃል ገብቷል።

አገሩ ማንጎ አለ። ከመርሳ እስከ ግራና ያለው ሜዳ በግንቦት ቅርንጫፉ እስኪሰበር ድረስ ያፈራል፤ ግማሹን ደላላ ገና ዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ይገዛዋል፣ ግማሹ መሬት ላይ ተከምሮ ይበሰብሳል። ኪሩቤልና የልጅነት ጓደኛው ናስር ይህንን ነው ኩባንያ ያደረጉት። ገበሬው ራሱ ይለቅማል፣ በመጠን ይለያል፣ በፕላስቲክ ሣጥን ይደረድራል፤ ኩባንያው ገዢውን በስልክ አገናኝቶ ይጭናል። ኪሩቤል ወሬውን ያውቅበታል፤ ናስር ማንጎውንና ሰዉን ያውቃል። እኩል በእኩል ተካፍለው ወልድያ አስመዘገቡት።

የግራና ገበሬ ግን ለስልክ ብሎ ከደላላው የሚላቀቅ ሰው አይደለም። ዘጠና ስድስት አባወራ አንድ ላይ የገባው በናስር አባት ቃል ነው። ጋሽ አብዱልሐሊም የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሙት የሚቀብር ማኅበር ነው፤ ግራና ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሆነ ሰው የሚተማመነው፣ የሚካሰሰው፣ የሚታረቀውም በእሱ በኩል ነው። ጋሽ አብዱልሐሊም በሃያ ዓመት ዳኝነታቸው ስንት ደም አድርቀዋል። አንድ እሑድ ቅሬው በተቀመጠበት ብድግ ብለው እነዚህን ልጆች ብትረዷቸው ዋሱ እኔ ነኝ አሉ፤ በቃ፣ ያ ቀን ኩባንያው ተወለደ። ኪሩቤል ገንዘብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ በላከው ጽሑፍ ላይ ይህንን «ጠንካራ የማኅበረሰብ ትስስር» ብሎ አስገባው።

ትስስሩ ሕግ እንዳለው ግን አልጻፈም። ከቅሬው ሰው ከሞተ፣ ሬሳው አፈር እስኪገባ ድረስ የሥራ መሣሪያ የሚያነሳ የለም። ያን ቀን ማሳው ላይ የተገኘ ሰው ከቅሬ ይሰረዛል፤ ከቅሬ የተሰረዘን ሰው ደግሞ ማንም አይቀብረውም።

አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ጽሑፉን ወደዱትና ፍሬሕይወት የምትባል ሴት ላኩ። ፍሬሕይወት ነገር የማታበዛ፣ ጫማዋ ጭቃ ቢነካው የማይከፋት ሴት ናት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አስቀድማ በስልክ ነግራዋለች። ሐሙስ ቀን ሁለት መኪና ማንጎ ከዛፍ ወርዶ፣ ተለይቶ፣ በሣጥን ተደርድሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጭኖ ሲወጣ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ገንዘቡን የሚፈቅደው ኮሚቴ ዓርብ ይቀመጣል። ያየችውን ትናገራለች፣ ይወስናሉ።

ናስር ረቡዕ ለሣጥኑና ለሁለተኛው መኪና ደሴ ወረደ። ሣጥኑን ማታውኑ በአይሱዙ ላከ። መኪናውን ደግሞ ተዋውሎ ሌሊቱን እንዲነሳ አደረገና እሱ ራሱ ሱብሂ ሰግዶ በሚኒባስ እንደሚደርስ ለኪሩቤል ነገረው። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም መኪኖች ግራና ቆመው ነበር። ዘጠና ስድስቱም አባወራ ከነሚስቱ፣ ከነልጁ ወጥቷል። ወንዱ ከዛፍ ያወርዳል፣ ሴቱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይለያል። ጋሽ አብዱልሐሊም ዱላቸውን ተደግፈው የላላውን ያጠብቃሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ አሚና ከሴቶቹ መሐል ሆነው ያልበሰለውን እያወጡ ይወረውራሉ። ኪሩቤል ያን ጠዋት በሕይወቱ ደስ ካሉት ጠዋቶች አንዱ ነው ብሎ ሲያስብ ስልኩ ጠራ።

አራት ሰዓት ነበር። የደወለው ሄኖክ ነው፣ የሁለቱም የድሮ የክፍል ጓደኛ። ደሴ የስልክ ጥገና ሱቅ አለው፤ ናስርም ሌሊቱን ያደረው እሱ ቤት ነው። ሄኖክ አልቅሶ ጨርሶ ነው የደወለው። ሚኒባሱ ሐይቅን እንዳለፈ ተገልብጧል። ናስርን መልሰው ደሴ ሆስፒታል አደረሱት፣ ግማሽ ሰዓትም አልቆየም።

ኪሩቤል ከአንድ ማንጎ ግንድ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። ሄኖክ በዚያኛው ጫፍ ይናገራል። ሬሳውን መውሰድ ይቻላል፣ መኪና አግኝቷል፣ አሁን ቢነሱ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ግራና ይገባሉ። የሰፈሩ መስጊድ ሰዎች ደግሞ የመግነዣ ከፈኑን ገዝተው፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ከዙህር ሶላት በኋላ እዚሁ እንቀብረዋለን ብለዋል። ሄኖክ ክርስቲያን ነው፤ በዚህ ነገር እኔ አፌን አልከፍትም፣ አባቱን ጠይቅልኝ አለው። ጋሽ አብዱልሐሊም ስልክ አይዙም፤ የሚፈልገኝ ቤቴን ያውቃል ነው የሚሉት።

ኪሩቤል ጠይቄ እደውላለሁ አለና ተነሳ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲነሳ ሊነግራቸው ነበር። ወደ ዋርካው አሥር እርምጃ ያህል ሄዷል። ጋሽ አብዱልሐሊም ከሩቅ አይተውት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ናስር የት ደረሰ ብለው ጠየቁት።

«መንገድ ላይ ነው» አለ ኪሩቤል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያች ቃል ወዲያ የሄደው መንገድ ሁሉ ቁልቁል ነበር። ፍሬሕይወት ማስታወሻዋን ይዛ መጥታ ስለ ሣጥኖቹ ጠየቀችው፤ መለሰላት። ስንቱ ማንጎ በመጓጓዣ ይበላሻል አለችው፤ ቁጥሩን ነገራት። አንደበቱ እንዲህ ሲታዘዝለት እሱም ገረመው። በልቡ የሚያየው ያን የጎጃም ልጅ ነበር፤ «መሥራቹ ቁርጠኝነት ይጎድለዋል» የሚለውን የገዛ ጽሕፈቱን። አሁን ቢናገር ለፋፊው ይወጣል፣ ሰዉ የያዘውን ጥሎ ይነሳል፣ የወረደው ማንጎ እዚያው ይቀራል፣ ዓርብ ያልፋል። ናስር እንደሆነ አይመለስም። ማንጎው የናስርም ልፋት ነው፣ የአባቱም ነው፣ የዘጠና ስድስት ቤት ነው። እንዲህ እያለ ደረደረው። ሰው ራሱን ሲሸነግል ምክንያት አያጣም።

ከሁሉም የጠቀመው ግን መርዶ ነው። ወሎ ውስጥ መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰው ሥራው ላይ ቆሞ፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ሆና፣ ልጅህ ሞተ አይባልም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ የሚደግፍ ዘመድ ከጎን ይቀመጣል፣ ከዚያ በቀስታ ይነገራል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ ይውላል። ኪሩቤል ይህንን ያዘ። እኔ ሥርዓቱን ነው የጠበቅሁ፣ መርዶ በቀን አይነገርም አለ። መርዶ የሚዘገየው ለሐዘንተኛው ተብሎ እንጂ ለማንጎ ተብሎ እንዳልሆነ የሀብሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል።

ሄኖክ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መልሶ ደወለ። ዙህር ሊደርስ ነው፣ ኢማሙ እየጠበቁ ነው፣ ቁርጡን ንገረኝ አለው። ሬሳው ከመጣ ስምንት ሰዓት ላይ ዋርካው ሥር ይደርሳል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ገና አንደኛው መኪና እንኳ አይሞላም። ኪሩቤል ዞር ብሎ አየ። እትዬ አሚና አንዷ ሴትዮ በነገረቻቸው ነገር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ ነበር።

«አባቱ እዚያው ይቀበር ብለዋል» አለ። «ሬሳ አይንገላታ ብለዋል።»

ሄኖክ እሺ አለ። ያላመነበት ምንም ምክንያት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም በውሸት አይናገርም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት ኪሩቤል አንዱንም አይረሳውም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ አብዱልሐሊም አጠገቡ መጥተው የቆሎ ቋጠሮአቸውን ፈቱና ካልበላህ ትወድቃለህ፣ ናስርም እንዳንተ ነው፣ ሥራ ከያዘ ሆዱን ይረሳል እያሉ እፍኝ ሙሉ ሰጡት። በላው። አሥር ሰዓት ግድም ልጁ እንደዘገየ ነገሩት፣ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል አላቸው። መንገድ መዘጋት በዚህ ዘመን ብርቅ አይደለምና ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው መኪና ሸራውን ለበሰ። ፍሬሕይወት ስንት ስታርታፕ ስጎበኝ እንደዚህ ሲሠራ ያየሁት ሕዝብ የለም ብላ የጋሽ አብዱልሐሊምን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችና ወደ ወልድያ ሄደች።

ኪሩቤል ያን ጊዜ ነው ሁለት ሽማግሌዎች ለብቻ ጠርቶ ናስር መሞቱን፣ ደሴም መቀበሩን አሁን ተደውሎልኝ ሰማሁ ያላቸው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ኪሩቤልም አብሮ ገባ፤ አለመግባት አይችልም ነበር። አንደኛው ሽማግሌ አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው ብለው ጀመሩ። ጋሽ አብዱልሐሊም ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ገባቸው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉና ግድግዳውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። እትዬ አሚና ግን ሽማግሌዎቹን አልፈው ወደ ደጅ ወጡ። መኪና ፈልገው ነው የወጡት። ግቢውን ዞረው፣ መንገዱን አይተው ተመለሱና ልጄን የት ነው ያስቀመጣችሁት አሉ። ተቀብሯል ሲሏቸው ቃሉ አልገባቸውም። ደጋግመው ጠየቁ።

«ሳላየው?» አሉ። «ፊቱን ሳላየው?»

ፀሐይ ሞቅ ሲል ግቢው በሰው ሞላ። ዳስ ተጣለ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል ተቀምጠው ለቅሶው ተጀመረ። የናስር ሁለት የአጎት ልጆች ከነጠመንጃቸው መጥተው ነበር፤ ጎረምሳ ለቅሶም ቢሆን መሣሪያውን ትቶ መምጣት ከተወ ሰነባብቷል። እነሱ ከማልቀስ ይልቅ ይጠይቃሉ። አባት ሳይሰግድበት፣ እናት ሳታየው፣ ወንድማችንን እንደ ባዕድ ሰው አገር የቀበረው ማነው? ማን ፈቀደ? ጥያቄው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ኪሩቤል ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሄኖክ ከደሴ ደረሰ።

ሄኖክ የናስርን ጃኬትና ስልክ በፌስታል ይዞ ነው የመጣው። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጋሽ አብዱልሐሊም እግር ላይ ወደቀ። ሲነሳ፣ ያጽናናቸው መስሎት፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣

«አባባ፣ እንዳሉት አድርገናል» አለ። «ሬሳው አይንገላታ ባሉት መሠረት ከዙህር በኋላ ነው የቀበርነው። ብዙ ሰው ሰግዶበታል።»

ለቅሶው ተቋረጠ። ከአጎት ልጆቹ አንዱ ብድግ አለ። ዙህር ማለት የትናንት ዙህር ነው፤ ትናንት በዙህር ሰዓት ይህ ሁሉ ሰው ማንጎ ሲለይ ነበር። ማን ነው ከዚህ ሆኖ ያናገረህ ብሎ ሄኖክን ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ኪሩቤል መሮጥ አሰበ፤ የግቢው በር ግን በሰው ተዘግቶ ነበር።

ጋሽ አብዱልሐሊም ቀና ብለው ኪሩቤልን አዩት። ረጅም አስተያየት አልነበረም። «መንገድ ላይ ነው» የሚለውን፣ «መንገድ ተዘግቶ ይሆናል» የሚለውን፣ ያበሉትን ቆሎ፣ ሁሉንም በዚያች አንድ አፍታ መልሰው እንዳገኙት ኪሩቤል ከዓይናቸው አነበበ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ልጆቹ መሣሪያ ሄደ፤ ከዚያም ከዳሱ ሥር ትከሻ ለትከሻ ወደተቀመጠው እስላምና ክርስቲያን።

«ተቀመጥ» አሉት የወንድማቸውን ልጅ። «እኔ ነኝ ያልሁት። ኪሩቤል ትናንትናውኑ ነግሮኛል። ሥራው እንዳይበተን ብዬ እኔ ነኝ ይቀበር ያልሁ።»

ጎህ ሲቀድ መርዶውን ያረዱት ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሰውየው ግድግዳ ይዘው ቁጢጥ ሲሉ አይተዋልና ውሸት መሆኑን አውቀዋል፤ ለምን እንደዋሹም ገብቷቸዋል። አንገታቸውን ደፉ። ከሴቶቹ በኩል ግን እትዬ አሚና ተነስተው ቆሙ። ባላቸውን እንደማያውቁት ሰው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ወደ ጓዳ ገቡ። ኪሩቤል ያን ሰዓት አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። አልተናገረም። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሰባተኛው ቀን ቅሬው ተቀመጠ። የልጁን ሞት ሰምቶ ሕዝቡን ማንጎ ሲያስለቅም የዋለ ዳኛ በሌላው ላይ ሊፈርድ አይችልም ተባለ። ለሃያ ዓመት ውለታቸው ሲባል አልተሰረዙም፤ ዳኝነቱ ግን ተወሰደ፣ ቅጣት ተጣለባቸው፣ ለቅሶ ቤት ሲመጡም ከበር አካባቢ እንዲቀመጡ ተወሰነ። ጋሽ አብዱልሐሊም ይሁን ብለው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ኪሩቤል ይህንን የሰማው መርሳ፣ እናቱ ቤት ተኝቶ ነው። ታሟል ተብሎ ነበር። እናቱ ለጓደኛው አዝኖ ነው እያለች ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች።

ፍሬሕይወት ደወለች። ኮሚቴው ተስማምቷል፣ ገንዘቡ ጸድቋል። ወዲያው ድምጿ ዝቅ አለና ስለ ናስር አሁን ገና እንደሰማች፣ እንዳዘነች ነገረችው።

«እኛ ሄደን ማታውን ነው አይደል የሰማኸው?» አለችው። «በጠዋት ብትሰማና ብትነግረኝ ኖሮ ወር ሙሉ እንጠብቅህ ነበር። ሰው እኮ ነን።»

ኪሩቤል አዎ፣ ማታውን ነው አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው የገባው። ያን የጎጃም ልጅ የጣለው ድርጅቱ አልነበረም፣ እሱ ራሱ ነበር። ናስርንም አባቱ ሳይሰግዱበት እንዲቀበር ሲያደርግ ማንም አላዘዘውም። የፈራው ፈራጅ የገዛ ራሱ ነበር።

ሰው ይህን ካወቀ በኋላ ይመለሳል ብሎ የሚያስብ የዋህ ነው። ውሉ መጣ። ግማሹ ኩባንያ የናስር ስለነበር የወላጆቹ ፊርማ ያስፈልጋል ይላል። ፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን አረጋግጧል፤ የቀረው ሁለቱ ስምምነቱ ላይ አሻራቸውን ማኖራቸው ብቻ ነው። ኪሩቤል ወረቀቱን ወልድያ ላይ አሳትሞ፣ የቀለም ሣጥኗን በኪሱ ይዞ፣ በሃያ አምስተኛው ቀን ግራና ወረደ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ኪሩቤል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በዱላቸው ከለከሉት። ወረቀቱን ሲያሳያቸው አላነበቡትም። ማንጎው የሰዉ ነው፣ ሰዉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሥራው ይቀጥል አሉ። ዳኝነቱንም፣ ከበር መቀመጡንም ችዬዋለሁ አሉት። አንዱን ግን አልቻሉትም።

«ከዚያች ቀን ጀምሮ አሚና አንድ ቃል አላናገረችኝም» አሉ። «ምግቤን ታቀርባለች፣ ትወጣለች። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ለሌላ ሰው አትንገር፣ ደም አልፈልግም። ለእሷ ብቻ ንገራት። እሷ ምሥጢር ታውቃለች። ነግረሃት ስትወጣ እፈርማለሁ።»

«እነግራታለሁ ጋሼ» አለ ኪሩቤል።

ደግሞም ሊነግራቸው ነው የገባው። ጓዳው ጨለም ይላል። እትዬ አሚና መደቡ ላይ ተቀምጠው የናስርን ጃኬት አዝራር ይተክሉ ነበር። ና ግባ ልጄ አሉት፣ ሳሙት፣ እንደ ናስር ስመው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከስታችኋል ሁለታችሁም አሉት። ከዚያ የሄደውንና ያለውን ልጅ አንድ ላይ እንደጠሩ ታወቃቸውና ወደ አዝራሩ ተመለሱ። ኪሩቤል ቃሉን አፉ ድረስ አመጣው። ቢጮሁስ? ጩኸቱን ጎረቤት ቢሰማ፣ የአጎት ልጆቹ ቢሰሙ፣ ወረቀቱ፣ መኪኖቹ፣ እሱ ራሱ። ሴትዮዋ ቀደሙት።

«ልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም» አሉ። «እውነት እሱ ነው ልጄ እንዳይመጣልኝ ያለው?»

መርፌው በእጃቸው ላይ ቆሟል። ኪሩቤል ያችን መርፌ እያየ፣

«አዎ፣ እትዬ አሚና» አለ። «እሳቸው ናቸው።»

እትዬ አሚና ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። ሌላ ነገር ይጠብቁ ነበር፤ ተስፋ አድርገው ነበር የጠየቁት፣ ያ ከፊታቸው ላይ ሲሄድ ታየው። የናስር ሥራ ነው ካልህ ብለው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ቀለሙን አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ሲወጣ ጋሽ አብዱልሐሊም ቆመው ነበር የሚጠብቁት።

«ነገርኻት?»

«ነገርኋት።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላሉ። ዝም አሉ።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ወዲያው አላህ ይቅር ይበልህ ልጄ አሉት፣ ከልባቸው ነበር። አሻራቸውን አኖሩ፣ ጣታቸውን በአፈር ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው፣ ከሃያ አምስት ቀን በኋላ፣ «አሚና» ብለው እየተጣሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ኪሩቤል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መልሱን ላለመስማት ወደ አስፋልቱ በፍጥነት ሄደ።